ሊዙ (የኪራይ ውሉ) በሟቹ ስም ነው፤ ቤቱ ውስጥ መቆየት እችላለሁ?

ጥያቄ (ከብሮንክስ)
ሰላም ወገኖች። ስሜን ሳልጠራ ልጠይቅ። የኑሮ አጋሬ በቅርቡ አረፈ። እሱም እንደኔ ወንድ ነው። ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል፤ በወረቀት አልተጋባንም። ቤቱ ሬንት ስታቢላይዝድ ነው፣ ማለትም የኪራይ ጭማሪው በሕግ የተገደበ ነው፤ ሊዙ ግን በእሱ ስም ብቻ ነው። ታሞ በነበረበት ጊዜ መድኃኒቱን ሰዓት ጠብቄ የምሰጠው፣ ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ቀብሩ ላይ ግን እንደ ማንኛውም ጓደኛ ከኋላ ቆምኩ።

አሁን አከራዩ በአሥር ቀን ውስጥ ልቀቅ የሚል ወረቀት በሬ ላይ ለጥፏል። የላክሁትን ኪራይም መለሰው። ዘመድ እንዳይሰማ ብዬ የባንክ ደብዳቤዬን የማስልከው በአክስቴ ልጅ አድራሻ ነው። ይሄ ይጎዳኛል? ፍርድ ቤት ብቀርብስ ስለ ገመናችን ሊጠይቁኝ ነው? አስተርጓሚው የማውቀው አበሻ ቢሆንስ?

መልስ (ከላይኛው ማንሃተን)
ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማር፤ አንተንም ያጽናህ። በሕንፃችን የተከራዮች ማኅበር ውስጥ ስለምሠራ ይህን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሁሉ በፊት ቤቱን እንዳትለቅ! ያ ወረቀት ማስጠንቀቂያ ነው። ቀኑ ሲያልፍ አከራዩ መክሰስ አለበት፤ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ማንም ሊያስወጣህ አይችልም። ቁልፍ ከቀየረብህ ፖሊስ ጥራ። ገንዘብ ልስጥህና ፈርመህ ውጣ ካለህም እንዳትፈርም።

ቤቱ ውስጥ የመቆየት መብቱ የመጣው በሰዎች እንባ ነው። ሚጌል ብራሺና ሌስሊ ብላንቻርድ የሚባሉ እንደ እናንተ የኑሮ አጋሮች የነበሩ ሁለት ወንዶች እዚሁ ማንሃተን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በአንድ አፓርታማ ኖሩ። ሊዙ በብላንቻርድ ስም ነበር። እሱ በ1986 ሲሞት አከራዩ ብራሺን ውጣ አለው። በ1989 የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቤተሰብ ማለት በጋብቻ ወረቀት ወይም በጉዲፈቻ ብቻ አይወሰንም፣ ሰዎቹ እንዴት እንደኖሩ ይታያል አለ። በኋላ ሐሳቡ ለአንተ ዓይነት ቤትም ደንብ ውስጥ ገባ። ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት አብረህ ከኖርክ ሊዙ ወደ ስምህ እንዲዞር መጠየቅ ትችላለህ። ዕድሜህ 62 ከሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ ከሆንክ አንድ ዓመት ይበቃል።

ስለ ገመናችሁ አትጨነቅ። ደንቡ ራሱ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ማስረጃ አይጠየቅም፣ ቢቀርብም አይታይም ይላል። የሚታየው ወጪ መጋራታችሁ፣ አንዱ ሌላውን ማስታመሙ፣ ውክልናና ኑዛዜ፣ በሰው ፊት እንደ ቤተሰብ መታየታችሁ ነው። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ብቻውን አይጥልህም። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ከተማው ነፃ ጠበቃ ይሰጥሃል፤ ወደ ከተማው የመረጃ ስልክ፣ 311፣ ደውል።

መልስ (በዚሁ ያለፍኩ)
የደብዳቤው አድራሻ አከራዩ የሚይዝህ ቦታ ነው፤ ከሟቹ ጋር አልኖረም ሊል ይችላል። ስለዚህ ለጠበቃህ ምንም ሳትደብቅ ንገረው። ከአገራችን የመጣ ሰው ለምን እንደሚደበቅ እኛ እናውቃለን፤ አገር ቤት እስር አለው። ዳኛው ግን ካልነገሩት ከየት ያውቀዋል?

ትንንሽ ወረቀት እንዳትንቅ። እኔን የጠቀመኝ የፋርማሲ ደረሰኝ ነው፤ መድኃኒቱን የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ ፊርማዬ አለበት። ሐኪም ቤት "ድንገት ቢሆን ማን ይጠራ" የሚለው ቦታ ላይም ስሜ ነበር። የተመለሰውን ቼክ ከነፖስታው አስቀምጥ፤ የኪራዩንም ገንዘብ አትንካው። አስተርጓሚው በነፃ ነው፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለበት። የምታውቀው ሰው ከገጠመህ ለዳኛው ይቀየርልኝ በል።

መልስ (አንድ አባት)
ልጄ፣ በነገሩ ላይ የራሴ እምነት አለኝ፤ አልደብቅህም። ነገር ግን በሽተኛ ያስታመመን ሰው ሐዘኑ ሳይወጣለት ከቤት ማባረር ግፍ ነው። ፍርድ ቤት የሚሸኝህ ሰው ካጣህ እኔ እመጣለሁ።

ጠያቂው
አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጤና ውክልናውን ወረቀት መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት፤ የእኔ ስም አለበት። የሕንፃው ሱፐር (ሕንፃውን የሚጠብቀውና የሚጠግነው ሠራተኛ) በየቀኑ ያየን ነበር፣ እሱ ይመስክርልኝ?

መልስ (ከላይኛው ማንሃተን)
ሱፐሩ የአከራዩን ደሞዝ ነው የሚበላው፤ እሱን ብቻ እንዳትተማመን። ፊት ለፊታችሁ ያሉት ጎረቤቶች ይሻላሉ። ዛሬውኑ አነጋግራቸው።