ማሽላው አልተዘራም፣ አባዬ በሬ ልሽጥ ይላል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቆቦዋ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተሰቦቼ ራያ ቆቦ፣ ቆላው ላይ ናቸው። ሦስት ጥማድ መሬት፣ ጥንድ በሬ፣ አንድ ላም ከነጥጃዋ፣ ጥቂት ፍየሎች አሏቸው። ዘንድሮ በልጉ ከዳ። ይኸው ግንቦት አለቀ፣ ማሽላው መሬት አልነካም። አባዬ «ዝናብ ጠብ ሲል ሁሉንም በድሮው ማሽላ እሸፍነዋለሁ፣ እስከዚያ ለቀለብ አንዱን በሬ ልሽጥ» ይላል። በየወሩ ትንሽ መላክ እችላለሁ፣ ግን ለሁሉም አይበቃም። በሬው ይሸጥ? ገንዘቤስ ምን ላይ ቢውል ይሻላል?

ሐብሩ
በሬውን እንዳያስነካ! ፍየል ይሽጥ።

ዲኤው (የግብርና ልማት ሠራተኛ)
እህቴ፣ የድሮው ማሽላ ለመድረስ ከስድስት ወር በላይ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሚያዝያ ላይ የሚዘራው። አሁን ሐምሌ ላይ ቢገባ፣ የቆቦ ዝናብ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሊቆም ስለሚችል ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። በአራት ወር ገደማ የሚደርሱ ዝርያዎች አሉ፤ «መልካም»፣ «ግራና 1»፣ «ተሻለ»። ማሳው አቀንጭራ (የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም) ካለበት ደግሞ «ጎቢዬ» ወይም «አብሽር»፣ እነሱ አቀንጭራን ይቋቋማሉ። የትኛው ዘር እንዳለ ቀበሌው ያለውን ልማት ሠራተኛ ወይም ሲሪንቃ ምርምር ማዕከልን ይጠይቁ።

ዋናው ነገር ግን ሦስቱንም ጥማድ አንድ ነገር አለመዝራት ነው። አንዱን አጭሩን (ቶሎ የሚደርሰውን) ማሽላ፣ አንዱን ጤፍ ሐምሌ ላይ። ሦስተኛውን ማሾ ቢያደርጉት በሁለት ወር ከምናምን ይደርሳል፣ ቶሎ ብርም ይሆናል። ዋልካ (ጥቁር ሸክላ) መሬት ካላቸው ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ መዝራት ይቻላል። ማሽላው ጉልበት ሲያወጣ ሽልሻሎ (በማሽላው መሃል በበሬ ማረስ) አይዘለል፤ ትልሙ ውሃ ይይዛል። ጎርፍ ወደ ማሳ የሚያስገባ የጠለፋ ቦይ ካላቸው ደግሞ አሁኑኑ ይጠረግ። ጎርፉ ከመጣ በኋላ መጥረግ ዋጋ የለውም።

በሬውን በተመለከተ፣ አንዱ ከተሸጠ አባትሽ መቀናጆ ሊገቡ ነው፤ የቀረውን በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር አጣምደው በተራ ሊያርሱ ማለት ነው። የእሳቸው ተራ እስኪደርስ እርጥበቱ ያልፋል። ዝናቡ አጭር በሆነ ዓመት ይህ ከቀለብም የከፋ ነው።

የወልድያ ነጋዴ
ፍየሉንም ቢሆን ቶሎ፣ አሁን ይሽጡት። ዝናቡ እንደቀረ ሰው ሁሉ ካረጋገጠ በኋላ ገበያው በከብት ይሞላል፣ የእህሉ ዋጋ ደግሞ ይሰቀላል። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ ያየነው ይህንኑ ነው፤ የከሳ ከብት ይዞ የመጣ ሰው የሚመለሰው ጥቂት እህል ተሸክሞ ነበር። አንቺም የምትልኪውን ለሁለት ወር አጠራቅመሽ አሁን እህል ግዢበት። በየወሩ ብር ከምትበትኝ ይሻላል። እህሉ እንዳይነቅዝ ሦስት ድርቡ ከረጢት (ፒክስ የሚሉት) ውስጥ በደንብ ደርቆ ይግባ።

የቆቦዋ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባዬ ደውዬ ነበር። «አጭሩ ማሽላ አገዳ የለውም፣ ከብቶቼ ምን ሊበሉ ነው? ደግሞ ወፍ ይጨርሰዋል» አለኝ። ሰበብ ነው ወይስ እውነት?

ሐብሩ
አባባ እውነታቸውን ነው! ይቺን ቢሮ ያሉት ይዘነጓታል። በአካባቢው ቀድሞ የሚደርሰው የአንድ ሰው ማሳ ብቻ ከሆነ ግሪሳው ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው አጠገብ ለአጠገብ፣ በአንድ ሰሞን ይዝሩ። ወፍ ጥበቃውንም በየተራ ይያዙት። አገዳው እውነትም ያንሳል። ለዚያ የጤፍ ገለባ ይረዳል፣ አንቺም ለመኖ ትንሽ ብር ለይተሽ አስቀምጪ። ላሚቱን ከነጥጃዋ ደጋ ላለ ዘመድ በርቢ (እያረባ ጥቅሙን እንዲካፈል) ቢሰጧት ደግሞ ቆላው ላይ መኖ የሚሻማ ይቀንሳል።

ሰላም ከመቀሌ
የሰብል መድን ካለም ይጠይቁ። እኛ ጋ በ2009 (እ.ኤ.አ.) አዲ ሃ የሚባል የትግራይ መንደር ላይ በ200 አባወራ ተጀምሮ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው አረቦኑን (የመድን መዋጮውን) በጉልበት ሥራ ይከፍል ነበር። ግን ክፍያው የሚወሰነው በሳተላይት የዝናብ መረጃ ነው፣ ማንም መጥቶ ማሳችሁን አያይም። የእናንተ ደርቆ መረጃው «ዘንቧል» ካለ ምንም አይገኝም። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በእሱ አትመኩ።

የቆቦዋ ልጅ
አባዬ ግማሹን በአጭሩ ማሽላ እሞክራለሁ ብሏል፣ በሬውም ቀረ። አጎቴ ካለፈው ዓመት የተረፈ «መልካም» ዘር አለኝ ይላል። ይሠራል?

ዲኤው
መቶ ፍሬ ቆጥረው እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ይጠቅልሉት፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ። በሳምንት ውስጥ ሰማንያ ምናምኑ ከበቀለ ይዝሩት። ከስልሳ በታች ከሆነ ይተውት፣ ሌላ ዘር ግዢላቸው። የበቀለው በመሃል ከሆነ ዘሩን ጨመር አድርገው ይዝሩ።