«አጠላበት» ወይስ «ተንቀሳቀሰ»?

ጠያቂው (ከባሕር ዳር)፦ ለተማሪዎች ከምስል ሥር የሚገባ መግለጫ እየጻፍኩ ነው። ኤንጂሲ 2261 የሚባለው ኔቡላ (በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) በተለያየ ጊዜ ሲነሣ መልኩ አንድ አይደለም፤ ብሩህ የነበረው ጎኑ ጠቁሮ ይገኛል። «ደመናው ተንቀሳቀሰ» ብል ያስኬዳል?

ጣና ዳር፦ አያስኬድም ወንድሜ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ስለዚሁ መለዋወጥ ጽፏል። 2,500 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ያህል የራቀ ጋዝ በሳምንታት ውስጥ ቦታ ሲቀይር ልናየው አንችልም። የሚያበራው አር ሞኖሴሮቲስ የተባለ ጥንድ ኮከብ ነው። አጠገቡ ያለ ጥቅጥቅ አቧራ ብርሃኑን ሲጋርደው ጥላው ኔቡላው ላይ ያርፋል። ደመና በጣና ላይ ሲያልፍ ውኃው ይጠቁር የለ? ውኃው ግን የትም አልሄደም። ስለዚህ «ጥላ አጠላበት» በል።

ፊደል ወዳድ፦ «አጠላበት» እኮ ዛሬ ለክፉ ነገር ብቻ ቀርቷል። «በስምምነቱ ላይ ጥርጣሬ አጠላበት» ነው የዜናው ቋንቋ። ተማሪው ኔቡላው ላይ መዓት የወረደ እንዳይመስለው!

የግዕዝ ተማሪ፦ ዜናው ነው ያከፋው። በግዕዝ ጽላሎት ጥላ ነው፤ «ተጠለለ» እና «መጠለያ» የዚያው ዘር ናቸው። ልጁን «ጥላሁን» ብሎ የሚሰይም ወላጅ ከለላ እንጂ መዓት አልተመኘም። «ጥላው ይከብዳል» የሚባል ሰውም ግርማ ያለው ነው። እዚህ ደግሞ የምንፈልገው ቀጥተኛ ፍቺውን ነው፤ እውነተኛ ጥላ ነዋ!

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። አር አኳሪ የምትባለው ኮከብስ? እሷም ጥንድ ናት፤ ከ2014 እስከ 2023 በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የተነሡት ምስሎቿም ይለያያሉ።

ጣና ዳር፦ እዚያ «አጠላ» ብትል ስሕተት ነው። እሷ ከእኛ 700 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ከጥንዶቹ አንዱ፣ ነጭ ድንክ የሚባል ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ የኮከብ ቅሪት፣ ከግዙፏ ቀይ ኮከብ ጋዝ ይስባል፤ አልፎ አልፎም ይፈነዳል። የወጣው ጋዝ በሰዓት ከ1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ እየተወረወረ ይጠማዘዛል። በምስሎቹ መካከል የተንቀሳቀሰው ራሱ ጋዙ ነው።

ፊደል ወዳድ፦ «ተፋ» እንበል?

ጣና ዳር፦ «ተፋ» ንቀት ይሸታል፤ ለእኔ «ረጨ» ይሻላል። ደግሞ ኤንጂሲ 2261 በጥር ሌሊት ባሕር ዳር ላይ በአናታችን አቅራቢያ እንደሚያልፍ ጨምርበት። ያለ ቴሌስኮፕ እንደማይታይም ጻፍ፤ አለዚያ ልጆቹ ሲያንጋጥጡ ያድራሉ።