የእርሻ ፒክአፓችን፣ ሁለተኛ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። ስብሰባው ላይ የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው። መሬቱ ሲጨቀይ ምርት ከማሳ አውጥቶ ዋናው መንገድ ላይ የሚያደርስ መኪና። መነሻችን ያገለገለ ላንድክሩዘር 79፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍታ ሞተር። ቱርቦም ኮምፒውተርም የለውም። ሜዳ ላይ ተፈትቶ ሜዳ ላይ ይገጠማል። የሚጨመሩት፦ ሦስት ጎኑ በስፖንዳ የሚከፈት ጠፍጣፋ ካሶኒ፣ የተጠናከረ የኋላ ባሌስትራ፣ የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያዞር መቆለፊያ)፣ የጭቃ ጎማ፣ የፊት መከላከያ ብረት፣ 12,000 ፓውንድ ክብደት የሚጎትት ዊንች (መኪናውን በገመድ ስቦ ከጭቃ የሚያወጣ)፣ ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከጣሪያ ከፍታ እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ)። መዋጮው በማሳ ስፋት ነው። እንደ ወፍጮው ጊዜ እንዳንንዛዛ፣ ዓርብ ይዘጋል።

ገንዘብ ያዥ፦
የመጨረሻዋ ዕቃ ትውጣ።

የላይኛው ማሳ፦
የቷ? ስኖርክል?

ገንዘብ ያዥ፦
አዎ። ገበሬዎች ነን እንጂ ዓሣ አጥማጆች አይደለንም። የእርሻ መኪና ላይ ያ ጡሩምባ ምን ይሠራል?

የታችኛው ማሳ፦
አንቺ ማሳሽ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ነው። እኔ ጋ ለመድረስ ጅረቱን ሁለቴ መሻገር ግድ ነው። ሞተር ውስጥ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ መሄጃ ያጣል፣ ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ) ይጣመማል። ከዚያ በኋላ ሞተር የለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ጅረቱ ጉልበት አይደርስም። በጎችህ ሲሻገሩት አይቻለሁ።

የታችኛው ማሳ፦
ያየሽው በደረቁ ወራት ነው።

በያጁ፦
እኔ ሌላ ነገር አለኝ። ካሶኒውን ሻንሲው ላይ በይደው የምትሉኝ ከሆነ የለሁበትም። ወጣ ገባ ላይ ሲሄድ ሻንሲ ይጠማዘዛል፣ መጠማዘዝም አለበት። ካሶኒው ግትር ሆኖ ከተበየደ የሆነ ቦታ መሰንጠቁ አይቀርም። በቡሎን ይታሰር፣ በመሃላቸው ላስቲክ ይግባ። ከኋላ አክስል አልፎ የሚንጠለጠለውም አጭር ይሁን። ጭነቱ ወደ ኋላ በወጣ ቁጥር ፊቱ ይቀልላል፣ መሪው ይሸሻል፣ ሻንሲውም ይጎብጣል። ባሌስትራውን በተመለከተ ዋናው ላይ ተጨማሪ የብረት ቅጠል አትደርድሩበት፣ ባዶውን ሲሄድ ወገብ ይሰብራል። ጭነት ሲያርፍበት ብቻ የሚሠራ ረዳት ባሌስትራ ይሻላል።

የላይኛው ማሳ፦
ልክ ነው። ግን ስኖርክል ለውሃ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ለአቧራ ነው። አጨዳ ላይ ከኮምባይነር ኋላ የሚከተል መኪና አየር የሚስበው ከጎማው አጠገብ ከሆነ ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል። ጣሪያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
መጀመሪያ ለውሃ ነበር። አሁን ለአቧራ ሆነ። ነገ ደግሞ ለወፍ ጎጆ ትሉኛላችሁ።

ሾፌሩ፦
ስኖርክል ብቻውን ውሃ አይከለክልም። የፊልትሮው ቤት ክዳን፣ የቱቦው መጋጠሚያ፣ የታችኛው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ካልታሸጉ ያው ከታች ይስባል። ለውሃ ከተጨነቃችሁ ዲፈረንሻሉን፣ አክስሉ መሃል ያለውን የማርሽ ቤት፣ አስቡ። ሲሠራ ይግላል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ይነጣል፣ ጥርሱ ይበላል። መድኃኒቱ መተንፈሻውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ወጪው ከምንም አይቆጠር።

ጸሐፊ፦
መተንፈሻው ገብቷል። ስኖርክል ይውጣ?

የታችኛው ማሳ፦
አይወጣም።

ወተት አምራቿ፦
ሁላችሁም ምርት ምርት ትላላችሁ። ምርት በዓመት ስንት ቀን ነው? ላሞቼ በየቀኑ ይጠጣሉ። ካሶኒው ላይ ባለ 1,000 ሊትር ታንከር ማሰሪያ ካልተሠራለት እኔ አልፈርምም።

በያጁ፦
1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፣ ታንከሩን ሳይጨምር። ፋብሪካው የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት መኪናው ላይ በተለጠፈው ሳህን ላይ አለ። ከዚያ ባዶ መኪናውን ቀንሱ። የፊት ብረቱን ቀንሱ። ዊንቹን፣ የብረት ካሶኒውን፣ ሁለት ሰው፣ ሙሉ ናፍታ ቀንሱ። የተረፈው ነው የእናንተ ጭነት። ባሌስትራ ስለተጨመረ ይህ ቁጥር ከፍ አይልም፤ ፍሬኑም አክስሉም ያው የድሮው ነው። ታንከሩም ውስጡ ከፋፋይ ይኑረው። ግማሽ ሲሆን ውሃው መታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ መኪና የሚገለብጠው እሱ ነው። አሁን አንድ ሰው ያየነውን መኪና ሚዛን ላይ አውጥቶ ባዶ ክብደቱን ያምጣልኝ። ያለዚያ የማወራው በግምት ነው።

የላይኛው ማሳ፦
ለእኔ ተዉት። ማክሰኞ ቁጥሩን አመጣለሁ።

ታናሹ፦
ማንሳቱን ረስታችሁታል። 4 ኢንች ከፍ ይበል፣ ባለ 35 ኢንች ጎማ ይግባበት። መኪና ማለት ያኔ ነው።

ሾፌሩ፦
ለማን ልታሳየው ነው ልጄ? የፊቱን ሞላና የኋላውን ባሌስትራ ስታነሳ ከፍ የሚለው ካቢኑ ነው። ዲፈረንሻሉ ባለበት ነው የሚቀረው፣ ድንጋይ የሚመታው ደግሞ እሱ ነው። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ። ጎማው በ2 ኢንች ቢተልቅ ከሥሩ የምታገኘው 1 ኢንች ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ጉልበት ይቀንሳል። ዳገት ላይ ጭነህ ስትነሳ ፍሪሲዮን ታቃጥላለህ። ካሶኒው ከፍ ሲልስ ጆንያ በትከሻው የሚያወጣው ማን ነው? አንተ እንዳልሆንክ እናውቃለን።

ታናሹ፦
ጋሼ፣ እኔ እኮ ሐሳብ ነው የሰጠሁት።

የታችኛው ማሳ፦
ጎማው ቀጭኑ 7.50-16 ይሁን። ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይይዛል። ከመነዳሪ ያለው ስለሆነ ሜዳ ላይም ይለጠፋል።

የላይኛው ማሳ፦
የእኔ ማሳ ከታች ጠንካራ የለውም። ቀጭን ጎማ ከገባ እስከ አክስሉ ይወርዳል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቀዋል። በታረሰ መሬት ላይ ሰፊ ጎማ በትንሽ አየር ነው የሚሻለው።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ስኖርክሉ ግን መልስ አላገኘሁም።

የታችኛው ማሳ፦
ስንቴ እንመልስልሽ? ውሃ አልንሽ፣ አቧራ አልንሽ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

ገንዘብ ያዥ፦
ረጋ በል። ጄኔሬተሩንም «ግድ ነው» ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ዶሮ ይተኛበታል።

የታችኛው ማሳ፦
ጄኔሬተሩን ያለ ዘይት ያስነሳው ማን እንደሆነ ልናገር?

ጸሐፊ፦
እዚህ ጄኔሬተር አይነሳም።

ወተት አምራቿ፦
የትም ተነስቶ አያውቅም እኮ።

የታችኛው ማሳ፦
ቀልዱ። እኔ ወጥቻለሁ። መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ጸሐፊ፦
ገና አልከፈልክም።

በያጁ፦
ማክሰኞ አለፈ። ሚዛኑስ?

ሾፌሩ፦
የላይኛው ማሳ ጠፍቷል። መልእክቱን አይቶታል፣ ዝም ብሏል።

የታችኛው ማሳ፦
ትናንት ስሜት ውስጥ ነበርኩ። እንዲህ እናድርግ። ስኖርክሉን ከራሴ ኪስ እገዛለሁ። ከጋራው ገንዘብ ምንም አይነካም። ይኸው ጉዳዩ አለቀ።

ገንዘብ ያዥ፦
አላለቀም። የጋራ መኪና ላይ የግል ዕቃ እንዴት ይገጠማል? ቱቦው ያንተ ነው፣ እሺ። ላሜራው ላይ የሚበሳው ቀዳዳ የማን ነው? መኪናው ነገ ቢሸጥ ገዢው በቀዳዳው ምክንያት ቢቀንስ ልዩነቱን ማን ይከፍላል?

ታናሹ፦
ስለ ቀዳዳ ነው የምንከራከረው?

ገንዘብ ያዥ፦
የምንከራከረው ስለ ገንዘብ ነው። አንተ መዋጮ ስትጀምር ይገባሃል።

በያጁ፦
ቀዳዳው በላሜራ ይደፈናል፣ ግን ጥሩ ቀለም ካልተቀባ ይታወቃል። ለማንኛውም ባልዲ የሚያክል አይደለም። ይልቅ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። መኪናው ከማሳ ማሳ የሚዞር ከሆነ የብየዳ ማሽኔና የአየር መጭመቂያው የሚቀመጡበት ሣጥን በጎን ይሠራለት። ማረሻ ሲሰበር እኔ እመጣለሁ እንጂ ማረሻው አይመጣም።

ወተት አምራቿ፦
ይህስ ቁም ነገር ነው። እደግፋለሁ፣ ታንከሩን እስካልነካ።

ሾፌሩ፦
ታንከር ማሰሪያ፣ ሣጥን፣ መጭመቂያ። ጆንያው የት ይቀመጥ? ደግሞ የመጋዘኑን በር የለካ አለ? የታንከሩ ማሰሪያ ብረት ከካቢኑ በላይ ከወጣ መኪናው ውጭ ነው የሚያድረው። ውጭ ካደረ ደግሞ ዊንቹን ጠዋት አታገኙትም።

ጸሐፊ፦
በሩ ዝቅተኛ ነው፣ ትራክተሩም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በሩን ከፍ ማድረግ ወደ ዕቅዱ ይግባ?

ወተት አምራቿ፦
ይግባ። በሩ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ገንዘብ ያዥ፦
ከገባ የሆነ ነገር ይውጣ። የገንዘብ ሣጥኑ ላስቲክ አይደለም፣ አይዘረጋም።

ጸሐፊ፦
ሦስተኛ ረቂቅ። ካሶኒው የታንከር ማሰሪያና የብየዳ ሣጥን ይኖረዋል። ረዳት ባሌስትራ፣ የዲፈረንሻል መተንፈሻ፣ የፊት ብረት፣ ዊንች ባሉበት ናቸው። የመጋዘኑ በር ይነሳል። ዲፈረንሻል ሎኩ ለጊዜው ወጥቷል፣ ገንዘቡ ወደ በሩ ሄዷል። ጎማው ገና አልለየለትም። ምርት ታንከሩ በማይጫንበት ቀን ይጓጓዛል፣ ሌላው ቀን እንደ ድሮው በትራክተር ተጎታች። ስኖርክል በእንጥልጥል ነው። የመዋጮ ክፍፍሉ በማሳ ስፋት መሆኑ ስለማያስኬድ (ላም ማሳ የለውም) እንደገና ይታያል። ቀኑ ወደ ሰኞ ተዛውሯል።

ሾፌሩ፦
ሎኩን አውጥታችሁ ዊንቹን አስቀራችሁ? አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲሽከረከር ሌላውን የሚያስገፋው ሎኩ ነው። ዊንች እኮ የሚጎተትበት ነገር ይፈልጋል። ማሳ መሃል ዛፍ የታለ? ትርፍ ጎማ ቆፍራችሁ ልትቀብሩ ነው በዝናብ? ደግሞ 12,000 ፓውንድ፣ 5 ቶን ተኩል ገደማ የተባለው ገመዱ ከሞላ ጎደል ተፈትቶ የመጨረሻው ዙር ብቻ ከበሮው ላይ ሲቀር ነው። ገመዱ ከበሮው ላይ በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል።

ታናሹ፦
ዊንቹ ግን ፊት ለፊት ሲታይ ያምራል።

ገንዘብ ያዥ፦
የቀዳዳው ጉዳይ በጽሑፍ ይሁንልኝ። «ቀዳዳውን የሚያስበሳው አባል፣ ሲሸጥ ለሚመጣው ጉድለት ኃላፊ ነው» ተብሎ ይፈረም። ከዚያ ተቃውሞ የለኝም።

የታችኛው ማሳ፦
እፈርማለሁ። ግን አቧራውን የሚጠቀመው የላይኛው ማሳም ግማሹን ይፈርም።

ጸሐፊ፦
የላይኛው ማሳ የለም አላችሁ።

በያጁ፦
ሚዛኑን እኔው አስመዝነዋለሁ እንግዲህ። ያለ እሱ ብረት አልቆርጥም። የባለመኪናው ስልክ ማን ጋ ነው?

ጸሐፊ፦
የላይኛው ማሳ ጋ።