የአሮጌ ግድብ የአደጋ ደረጃ እንዴት ይወጣል? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ወገኖች። የግድብ ሥራ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ።

በወረዳችን ላለ የመስኖ ግድብ የአደጋ ደረጃ እንዳወጣ ታዝዣለሁ። የአፈር ግድብ ነው፣ ቁመቱ 14 ሜትር፣ ዕድሜው ገፍቷል። የዲዛይን ሰነዱ የለም። አለቃዬ «15 ሜትር ስለማይሞላና ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በታች ስለሚይዝ ትልቅ ግድብ አይባልም፤ ዝቅተኛ ብለህ ጻፍ» ይሉኛል። አልዋጥልኝ አለ። እሱ መለኪያ የግድቡን ትልቅነት እንጂ አደጋውን አይናገርም። ደረጃው የሚወሰነው ቢሰበር ከታች ማን ይጎዳል በሚለው ነው። ሲሠራ ከታቹ እርሻ ብቻ ነበር። አሁን መንደርና ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ግድቡ ቢሰበር ጎርፉ የሚደርስበትን በሄክ-ራስ (የወንዝ ውሃ ፍሰትን በሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ለመሥራት ሞከርኩ። ያለኝ ግን የመሬቱን ከፍታ በየ30 ሜትሩ ብቻ የሚሰጥ የሳተላይት መረጃ ነው፤ ጠባቡን ወንዝ በደንብ አያሳይም። ወንዙን ቦታ ቦታ ላይ ለክቼ ብጨምርበት ይበቃል? ግድቡ ተሰብሮ እስኪያልቅ የሚፈጀውን ጊዜስ በምን ልገምት?

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ከግርጌው የሚሰርገው ውሃ ነው። ድሮ ጥርት ያለ ነበር፣ አሁን ደፍርሷል። አፈሩ ከውስጥ እየታጠበ ሊሆን ይችላል። ደረጃው እስኪወጣ ልጠብቅ፣ ወይስ ግድቡ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ዛሬውኑ ይቀነስ ብዬ ልጻፍ?