ትስስሮቹ ፖላር ሆነው ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለምን ፖላር አይባልም?

ጠያቂ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ድሬዳዋ)፦
ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይላቸው የሚለያይ ሁለት አተሞች ሲተሳሰሩ የጋራ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ብርቱው አተም እንደሚያጋድሉ፣ በዚያ በኩል ከፊል ኔጋቲቭ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ከፊል ፖዘቲቭ ቻርጅ እንደሚፈጠርና ትስስሩም ፖላር እንደሚባል ተምሬአለሁ። ይህን የመሳብ ኃይል በሚለካው በፖሊንግ መለኪያ የካርቦን መጠን 2.55፣ የኦክስጅን 3.44 ስለሆነ ልዩነቱ 0.89 ነው፤ ይህ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ይህን ይዤ በፈተና ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፖላር ነው ብዬ ብመልስ ተሳስተሃል ተባልኩ። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ 1 (የኬሚስትሪ መምህር፣ ሐረር)፦
ስሌትህ ልክ ነው፤ የዘነጋኸው አቅጣጫን ነው። የእያንዳንዱ ትስስር ጉተታ መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሦስቱ አተሞች በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ስለሚቀመጡ ሁለቱ ኦክስጅኖች በእኩል ኃይል ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ በገመድ ጉተታ ሁለት እኩል ቡድኖች ሲገጥሙ ገመዱ ከቦታው እንደማይነቃነቅ ሁሉ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ውሃ ግን በኦክስጅኑ ላይ ባሉት ነጻ የኤሌክትሮን ጥንዶች ግፊት ምክንያት በ104.5 ዲግሪ የታጠፈ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጉተታዎች እየተደመሩ 1.85 ዴባይ (የፖላርነት መለኪያ አሃድ) ይደርሳሉ። ውጤቱን ለማየት ክብደታቸውን አነጻጽር፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውላዊ ክብደት 44፣ የውሃ 18 ነው፤ ሆኖም በክፍላችን ሙቀት ከባዱ ጋዝ፣ ቀላሉ ፈሳሽ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ትስስር (የአንዱ ሃይድሮጅን በሌላው ኦክስጅን ሲሳብ) እርስ በርስ ስለሚያያዙ በባሕር ወለል ከፍታ 100 ዲግሪ ካልደረሱ አይፈሉም (እኛ ሐረር በከፍታችን ምክንያት ቀደም ብለን እናፈላለን)።

መልስ 2 (የውሃ ጥራት ባለሙያ፣ ድሬዳዋ)፦
መምህር ያሉት ትክክል ነው። ነገር ግን ድምሩ ዜሮ ሆነ ማለት የእያንዳንዱ ትስስር ፖላርነት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ መጨመር እወዳለሁ፤ ብዙ ተማሪዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። በመካከል ያለው ካርቦን ከፊል ፖዘቲቭ እንደሆነ ስለሚቀር፣ የውሃው ኦክስጅን በነጻ ኤሌክትሮኖቹ ይቀርበውና ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠራል። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ይህን ጋዝ ይዞ በከተማችን ዙሪያ ያለውን የኖራ ድንጋይ ያሟሟል፤ የሚለቀቁትን የካልሲየምና የባይካርቦኔት አዮኖችም የውሃ ሞለኪውሎች፣ ለካልሲየሙ ኔጋቲቭ ጫፋቸውን፣ ለባይካርቦኔቱ ፖዘቲቭ ጫፋቸውን አዙረው ይከቧቸዋል። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣና ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሳያውቅ አይቀርም፤ ያ ነው። ሎሚ ሲጨመቅበት የሚወጣው አረፋም ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማንቆርቆሪያውን ነገር እናቴ ሁልጊዜ ስታማርር እሰማ ነበር። እንግዲያው ከሁለቱ ኦክስጅኖች አንዱ በሰልፈር ቢተካ፣ ቅርጹ ቀጥተኛ ሆኖ ሳለ ሞለኪውሉ ፖላር ይሆናል ማለት ነው?

መልስ 1 (መምህሩ)፦
አዎ፣ ካርቦኒል ሰልፋይድ ይባላል። የሰልፈር መጠን 2.58 ስለሆነ ከካርቦን ጋር ያለው ልዩነት 0.03 ብቻ ነው፤ በዚያ በኩል ገመዱን የሚይዝ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ ቢሆንም 0.72 ዴባይ ያህል ፖላርነት አለው።