አረብኛ እናገራለሁ፣ ቴክስት ላይ ግን ፊደሉ ይምታታብኛል፤ እንዴት ልልመደው?

ማክዳ_ኩዌት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ኩዌት ነው። አረብኛ መስማትም መናገርም አያቅተኝም፤ ችግሩ ዋትሳፕ ላይ ነው። ማዳም በአረብኛ ትጽፍልኛለች፣ እኔ በድምፅ እመልሳለሁ፣ እሷ ደግሞ "ሥራ ቦታ ድምፅ መክፈት አልችልም፣ ጻፊልኝ" ትላለች። 28ቱን ፊደል ለይቻለሁ፣ ኪቦርዱም ስልኬ ላይ አለ። ቃሉን ልጽፍ ስል ግን የትኛው "ሀ"፣ የትኛው "ሰ" እንደሆነ አላውቅም፤ አናባቢውም አንዳንዴ ይጻፋል አንዳንዴ ይዘለላል። ልጆቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል መሃል 3 እና 7 እየሰነቀሩ ይጽፋሉ። የመጽሐፉን አረብኛ ሳይሆን የቤት ውስጡን እንዴት እንደሚጻፍ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ታ_መርቡጣ፦

እህቴ፣ ከአናባቢው ጀምሪ። አረብኛ ፊደል የሚሰጠው ለሚጎተተው አናባቢ ብቻ ነው፦ ለ"ኣ" አሊፍ፣ ለ"ኡ" እና ለ"ኦ" ዋው፣ ለ"ኢ" እና ለ"ኤ" ያ። አጭሩ አይጻፍም። ኹቡዝ (ዳቦ) አፍ ላይ ሁለት "ኡ" አለው፤ ሲጻፍ ግን ኻ፣ ባ፣ ዛይ ብቻ ነው። ፉሉስ ደግሞ ፋ፣ ላም፣ ዋው፣ ሲን ነው፤ የመጀመሪያው "ኡ" አጭር ስለሆነ ወደቀ፣ ሁለተኛው ስለሚጎተት ዋው ሆነ። የእኛ ፊደል ድምፁን ሁሉ ስለሚጽፍ እጃችን ለእያንዳንዱ "አ" አሊፍ፣ ለእያንዳንዱ "ኡ" ዋው መሰካት ይቀናዋል። እንደዚያ የተጻፈ ቃል አረቡ ሲያነበው ተጎትቶ ይሰማውና ሌላ ቃል ይመስለዋል። ስትጠራጠሪ ቃሉን በእነሱ አነጋገር ድምፅ አውጥተሽ በይው፣ በሚረዝምበት ቦታ ብቻ አስገቢ።

ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡ ጥቂት ቃላት አሉ፣ እንዳሉ ያዢያቸው። ላኪን (ግን) "ላ" እያለ የሚጎተት ቢሆንም ላም፣ ካፍ፣ ኑን ነው፤ አሊፍ የለውም። አረቦቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ አሊፍ ይጨምሩበታል፣ እሱን አትከተዪ። ሃዛ (ይህ) ሃ፣ ዛል፣ አሊፍ ነው፤ የመጀመሪያው "ሃ" አሊፍ አይሰጠውም።

ሴት ስሞች መጨረሻ ላይ የምትሰሚው አጭር "አ" አሊፍ አይደለም። ሰያራ፣ ጉርፋ፣ መድረሳ ሁሉም የሚያልቁት በታ መርቡጣ፣ ማለትም ሁለት ነጥብ በጫነችው ክብ ሃ ነው። ቴክስት ላይ ነጥቡን ትተው ባዶ ሃ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ማዳም እንደዚያ ከጻፈች ግራ አይግባሽ።

"ወ" (እና) ለብቻዋ አትቆምም፣ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ትጣበቃለች። "አል"ም እንደዚያው። "አሽሻይ" ብለሽ ብትጠሪውም ላሟ አትጠፋም፦ አሊፍ፣ ላም፣ ሺን፣ አሊፍ፣ ያ። ላሟን የሚውጡ ፊደላት 14 ናቸው፤ አፍ ላይ ይዋጣል እንጂ ጽሑፍ ላይ አይዋጥም።

የኩዌት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። "ገ" ስትሰሚ መጀመሪያ የምትሞክሪው ቃፍን ነው። ፎግ (ላይ) ፋ፣ ዋው፣ ቃፍ፤ ገህዋ (ቡና) ቃፍ፣ ሃ፣ ዋው፣ ታ መርቡጣ፤ "ሐግ መኑ" (የማን ነው) የሚሉት ሐግ ሓ፣ ቃፍ። "ቸ" ስትሰሚ ብዙ ጊዜ መነሻው ካፍ ነው፤ ሴትን "ሽሎኒች" ሲሉ መጨረሻዋን አንዳንዱ ሦስት ነጥብ ባላት ጂም፣ ሌላው በተራ ጂም ይጽፋል። ሦስት ነጥብ ያላት ኪቦርዱ ላይ ጂምን ተጭነሽ ስታቆዪ ትወጣለች። "የ" ደግሞ አንዳንዴ ጂም ነው። ዶሮን ዲያይ ይሉታል፣ ያሰኘው ሰው እንደሚጠራው ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት ጂም የመጽሐፉን ይጽፋል። ዋየድ (በጣም) ግን ዛሬ በያ ተለምዷል፦ ዋው፣ አሊፍ፣ ያ፣ ዳል።

ሐመሩ_ሐ፦

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ወደ "የትኛው ሀ" ጥያቄ ልሂድ።

መልሱ ፊደል ገበታሽ ላይ አለ። አማርኛ ድምፃቸውን አደባለቀው እንጂ ፊደሎቹ ከግዕዝ ጊዜ ጀምሮ የተለያዩ ናቸው። ሃሌታው ሀ ሃ ነው፤ ሐመሩ ሐ ሓ፤ ብዙኃኑ ኀ ኻ። አልፋው አ ሃምዛ፣ ዓይኑ ዐ ዓይን፣ ጸሎቱ ጸ ሷድ፣ ፀሐዩ ፀ ዷድ። በጠ የሰማሽው ጧ ነው፣ በቀ የሰማሽው ቃፍ። በግዕዝ ቁጥር ፈትኚው፦ አርባዕቱ፣ ሰብዐቱ፣ ተስዐቱ ሦስቱም ዓይን አላቸው፤ አረቡም አርበዓ፣ ሰብዓ፣ ቲስዓ ሲል ሦስቱም በዓይን ይጻፋሉ። ኀምስቱ በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ኸምሳም በኻ ይጀምራል። ርእስ በአልፋው ነው፣ አረብኛውም በሃምዛ።

ግን የዛሬን የአማርኛ አጻጻፍ አትመኚው። ሐሙስ ብለን በሐመሩ የምንጽፈው መሠረቱ ብዙኃኑ ነው፣ አረብኛውም ኸሚስ ነው። ቁርዓን ብለው በዓይኑ የሚጽፉ አሉ፤ አረብኛው ላይ ያለው ሃምዛ ነው። ስለዚህ ግዕዙን እንጂ ጋዜጣውን አትከተዪ። ትግርኛ የምትችል ጓደኛ ካለችሽ ደግሞ ቃሉን አሰሚያት፤ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ በጆሮዋ ትለይልሻለች።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚያስፈልግ፦ ቀልብ በቃፍ ልብ ነው፣ በካፍ ከጻፍሽው ውሻ ይሆናል። ቲን በታ የሚበላው በለስ፣ በጧ ጭቃ። ሰይፍ በሲን የሚቆርጠው፣ በሷድ በጋ። ተዕባን (ድካም የያዘው) በባለ ሁለት ነጥቧ ታ ነው፤ አንድ ነጥብ ጨምረሽ በባለ ሦስቷ ከጻፍሽው "ደክሞኛል" ያልሽው "እባብ ነኝ" ሆኖ ይነበባል። 

ሐማም ደግሞ መታጠቢያ ቤቱም እርግቡም ሓ፣ ሚም፣ አሊፍ፣ ሚም ነው፤ የሚለያቸው ሸዳ (ፊደሉ ጠብቆ እንዲነበብ የሚያደርገው ምልክት) ቴክስት ላይ ስለማይጻፍ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርዳል።

ዷድና ዟን በጆሮ ልለይ ብለሽ አትድከሚ፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ አጠራራቸው አንድ ሆኗል፤ አገሬውም ይሳሳታል። በዟ የሚጻፉትን ጥቂት የቤት ቃላት ብቻ በቃልሽ ያዢ፦ ነዚፍ (ንጹሕ)፣ ተንዚፍ (ጽዳት)፣ ዙህር (ቀትር)። መሪዳ (ታማሚ)፣ አብየድ (ነጭ)፣ ረመዳን በዷድ ናቸው።

የቤሩት_ልጅ፦

የቁጥሩ ነገር ምሥጢር የለውም። የእንግሊዝኛ ፊደል ለማይችለው ድምፅ መልኩ የሚቀራረበውን ቁጥር ተኩበት ነው። 3 ተገልብጣ የተጻፈች ዓይን ናት፤ 7 ሓ፤ 2 ሃምዛ፤ 6 ጧ። 5 ኻ የሆነችው ኸምሳ ራሱ በኻ ስለሚጀምር ነው። 9 እዚያ እናንተ ጋ ሷድ ናት፣ እኛ ጋ ቃፍ የሚያደርጋትም አለ። 8ን ለቃፍ የሚጠቀሙት የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ናቸው። ከ3 ወይም ከ7 አጠገብ ትንሽ ጭረት ካየሽ ነጥብ ያላት እህቷ ማለት ነው፦ 3 ከነጭረቷ ገይን፣ 7 ከነጭረቷ ኻ። "ሰባ7" ያለሽ ልጅ ሰባሕ ማለቱ ነው፤ "5ላ9" ያለሽ ኸላስ።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ቤሩት ላይ ቃፍ በአፍ ሃምዛ ሆኗል። ሃላእ (አሁን) በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው 2 ነው፤ በአረብኛ ግን አንዱ በቃፍ አንዱ በሃምዛ ይጽፈዋል። ደግሞ ሊባኖሶች የፈረንሳይ ልማድ ስላለባቸው ሲ እና ኤች ተያይዘው ካያችሁ "ሸ" ናቸው። ኩዌት ላይ እነዚያው ሁለት ፊደሎች "ቸ" ናቸው። ቃላቱም አንድ አይደሉም፤ እናንተ "አቢ" (እፈልጋለሁ) የምትሉትን እኛ "በዲ" እንላለን (ባ፣ ዳል፣ ያ)፣ ጅዳ "አብጋ" ይላሉ። የሌላ አገር ዝርዝር ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትሸምድዱ።

ማክዳ_ኩዌት፦

በጣም ነው የማመሰግነው። እስቲ አንድ መልእክት ልሞክር፤ "ማዳም፣ ዳቦ የለም፣ ወተቱም አልቋል። አሁን ደክሞኛል" ለማለት ነው። ማኩ፦ ሚም፣ አሊፍ፣ ካፍ፣ ዋው። ኹቡዝ፦ ኻ፣ ዋው፣ ባ፣ ዋው፣ ዛይ። ወ ለብቻ፣ ከዚያ አልሐሊብ፦ አሊፍ፣ ላም፣ ሃ፣ ላም፣ ያ፣ ባ። ኸለስ፦ ኻ፣ ላም፣ ሲን። አና፦ አሊፍ፣ ኑን፣ አሊፍ። ተዕባና፦ ታ፣ ዓይን፣ ባ፣ አሊፍ፣ ኑን፣ አሊፍ። አልሒን፦ አሊፍ፣ ላም፣ ቦታ ለቅቄ ሓ፣ ያ፣ ኑን።

ታ_መርቡጣ፦

ጎበዝ፣ ማኩ እና አና ፍጹም ናቸው። አና ላይ ያለችውን ሃምዛ ቴክስት ላይ ማንም አይጽፋትም፣ ተያት። የቀረውን በየተራ፦

ኹቡዝ ላይ ሁለቱንም ዋው አውጪ። ወን ከአልሐሊብ ጋር አጣብቂ፣ ሐሊብም በሓ ነው፦ ዋው፣ አሊፍ፣ ላም፣ ሓ፣ ላም፣ ያ፣ ባ፣ ሰባቱም አንድ ቃል። ኸለስ በሷድ ነው። ተዕባና ዓይኗን ማግኘትሽ ደስ ይላል፤ መጨረሻውን አሊፍ ግን በታ መርቡጣ ቀይሪ፣ ሴት ነሽና። አልሒን መሃል ቦታ አይለቀቅም፣ አምስቱም ፊደል አንድ ላይ ነው።

ቦታ መልቀቅ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋበት ምክንያት አለው። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ፣ ዋው ከኋላቸው ካለው ፊደል ጋር ስለማይያያዙ ቃሉ የተቆረጠ ይመስላል። ቃሉ አላለቀም፤ ዝም ብለሽ ቀጥይ።

ኢንሻላህ ስትጽፊ ግን በተቃራኒው ለያይው፤ ሦስት ቃል ነው፦ አሊፍ ኑን፣ ቦታ፣ ሺን አሊፍ ሃምዛ፣ ቦታ፣ አላህ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ካጣበቅሻቸው ኢንሻእ የሚባል ሌላ ቃል ይሆናል፣ ትርጉሙም ግንባታ ነው። አረቦችም በብዛት ያጣብቁታል፤ ሃይማኖት የሚያጠብቅ ሰው ግን ይታዘብሻል።

ሴትን ስታናግሪ "ኢንቲ" መጨረሻ ላይ ያ ጻፊ። ሰዋስው አስተማሪ አይወደውም፣ ቴክስት ላይ ግን ያዋ ከሌለች ወንድ ያናገርሽ ይመስላል።

ሐመሩ_ሐ፦

ለመለማመድ ከማንኛውም መጽሐፍ የሚሻለው የማዳም የራሷ መልእክት ነው። አስቤዛ ስትልክልሽ ዝርዝሩን ኮፒ አድርገሽ ኖት ላይ አስቀምጪ፣ ከጎኑ በአማርኛ ድምፁን ጻፊ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳታዪ ጻፊውና አስተያዪ። ጢማጥ በሁለት ጧ፣ ሚልሕ (ጨው) በሓ ማለቁን፣ በሰል (ሽንኩርት) በሷድ መሆኑን እጅሽ ይለምደዋል። ዐይሽ ብላ ከጻፈች ሩዝ ናት፤ ያንኑ ቃል ግብፃዊ ሾፌር ከጻፈልሽ ዳቦ ነው።

ኪቦርዱ ላይ ያለችው ማይክሮፎንም ትረዳለች፤ ቋንቋውን "አረብኛ ኩዌት" አድርጊው። ገህዋ ብትዪው ራሱ በቃፍ ይጽፍልሻል። ሐን እንደ ሀ ከጠራሽ ግን ያልሆነ ቃል ያወጣል፣ ሳታነቢ አትላኪ። ቃሉን በራሱ የሚቀይረውን ማረሚያ ደግሞ አጥፊው፤ የኩዌቱን ወደ መጽሐፉ ሊጎትተው ይችላል። ሐሳብ የሚያቀርበው መስመር ግን ይቆይ።

የቤሩት_ልጅ፦

ከመዝጋታችን በፊት አሃዝ። አረቦች በራሳቸው አሃዝ ሲጽፉ 5 ክብ ናት፣ የእኛን 0 ትመስላለች፤ የእነሱ 0 ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። 6 የእኛን 7 ትመስላለች። ስለዚህ 150 ዲናር ሲጻፍ የሚታይሽ አንድ ጭረት፣ ክብና ነጥብ ነው፣ በችኮላ 10 ተብሎ ይነበባል። 60ም 7 እና ነጥብ ይመስላል። ቃሉ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም አሃዙ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። የደመወዝ ወይም የሐዋላ ነገር ስትጽፊ ቁጥሩን ለብቻው በአንድ መስመር አስቀምጪው፤ ከአረብኛና ከእንግሊዝኛ ፊደል ጋር ከተቀላቀለ ስልኩ ቦታውን ያቀያይረዋል። ራቲብ (ደመወዝ) ራ፣ አሊፍ፣ ታ፣ ባ ነው፤ ተሕዊል (ሐዋላ) ታ፣ ሓ፣ ዋው፣ ያ፣ ላም።