የፋሲካው ቅልጥም የውሻዬን ጥርስ ሰበረው፤ ከእንግዲህ የሚያኝከው ምን ልስጠው?

ማሂ ከሲኤምሲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ። ቡቺ የሚባል ውሻ አለን። ሁለት ዓመቱ ነው፣ የጀርመን ሸፐርድ ክልስ፣ 28 ኪሎ ይመዝናል። በፋሲካ ማግስት እማማ (የባለቤቴ እናት ናቸው) ከቅቅሉ የወጣ ትልቅ ቅልጥም ሰጡት። ሎሚው ሥር ተጋድሞ ሲግጥ ዋለ፣ እኛም ደስ ብሎን እናየዋለን። ማታ ምግቡን አሽትቶ ተወው። በነጋታው አፉን ስከፍት የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርሱ ጎኑ እንደ ሸክላ ስባሪ ተገምሶ ወርዷል፣ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ይታያል። ክሊኒክ ስንወስደው ነርቩ ስለተጋለጠ መነቀል አለበት አሉን። ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል።

አሁን የጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይሄ ውሻ ሳያኝክ አይውልም። አጥንት ከከለከልኩት የአትክልት ማጠጫውን ጎማ፣ የልጄን ጫማ፣ የበሩን ጠርዝ ሳይቀር ይበላል። ሱቅ ሄጄ እንደ ቋጠሮ የተጠመዘዘ ነጭ ነገር አየሁ። ከከብት ቆዳ የተሠራ ነው አሉኝ፣ ግን መቼ እንደተመረተ እንኳ አልተጻፈበትም። የአጋዘን ቀንድም አለ፣ ዋጋው አይነካም። የትኛው ይሻላል? ወይስ ቤት ካለው ነገር የሚሆን አለ? የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ከቡቺ ጋር አይለያዩም፣ ስለዚህ የንጽሕናውም ነገር ያሳስበኛል። እማማንም ማስቀየም አልፈልግም። ፍቅራቸውን የሚገልጹለት በአጥንት ነው።

ዮኒ ሳሪስ፦

አይዞሽ እህቴ፣ ጥርስ ብቻ ሆኖ ማለፉም ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቤት በእንቁጣጣሽ የዶሮ ወጥ አጥንት በፌስታል ተቋጥሮ ኩሽና በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ውሻችን ቀዶ ጨረሰው። ሁለት ቀን ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ቢጫ አረፋ ማስታወክ ጀመረ፣ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፣ ለመጸዳዳት ያምጣል ግን ምንም የለም። እኔ የሆድ ድርቀት መስሎኝ ዘይት ላጠጣው ነበር። ራጅ ሲነሳ ስንጥሩ አንጀቱ ውስጥ ተሰክቶ ታየ። ኦፕራሲዮን ሆኖ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ድግስ ሲኖር አጥንት የሚጠራቀመው ክዳን ባለው ባልዲ ነው፣ ባልዲውም የሚቀመጠው ቁም ሳጥን ላይ ነው። የበሰለ አጥንት ለውሻ አትስጪ፣ የዶሮም ይሁን የበግ። በቃ።

የእንስሳት ሐኪም፦

ሰላም ማሂ። የምሠራው ክሊኒክ ስለሆነ ከየበዓሉ ማግስት የሚመጡልንን አውቃቸዋለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የተሰበረው ጥርስ የላይኛው አራተኛ ቅድመ መንጋጋ ነው። ውሻ ጠንካራ ነገር የሚሰብረው በሱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እሱ ነው። ቅልጥም የከብቱን ክብደት የሚሸከም አጥንት ነው፣ ከጥርሱ ይጠነክራል። ሰው የሚሳሳተው «ጥሬ ከሆነ ችግር የለውም» በሚለው ነው። እርግጥ ሲበስል ይደርቅና እንደ መርፌ ይሰነጠራል፣ ጥሬው በዚያ ይሻላል። ጥርስ በመስበር ግን ሁለቱም ያው ናቸው። በክብ የተቆረጠ ቅልጥም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ መቅኒውን ለመላስ ሲታገል ቀለበቱ ታችኛው መንጋጋው ላይ ይጠልቅና ከክራንቻው ኋላ ይቀረቀራል። ውሻው አፉን መግጠም አቅቶት እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ አስተኝተን በመጋዝ ቆርጠን ነው የምናወጣው።

ሱቅ ስትሄጂ ጥፍርሽን ያዢ። የአውራ ጣትሽን ጥፍር እቃው ላይ ተጫኚው። ትንሽ እንኳ ካልሰረጎደ ለጥርሱ ከባድ ነው። የአጋዘን ቀንድ፣ የከብት ሰኮና፣ ድርቅ ያለ የአጥንት ቁራጭ፣ ሁሉም በዚህ ይወድቃሉ። ዋጋው መወደዱ አያታልልሽ። ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው። አፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር አትስጪው። እያለቀ ሄዶ ሊዋጥ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ማባበያ አሳይተሽ ቀይሪው። እጅሽን ሰድደሽ ከአፉ አትንጠቂ፣ ንጥቂያ ከለመደ ፈጥኖ መዋጥ ይማራል።

አሁን ስለ ልጅሽ። በበዓል እርድ ጊዜ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። ከሁሉም በላይ ይሄን ተዉ። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሃይዳቲድ ይባላል። በቄራዎቻችን ሳንባና ጉበት ከሚወገድባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ውሻ ያንን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ በጣም ትንንሽ የኮሶ ዓይነት ትሎች ያድጋሉ፣ ከስድስት ወይም ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው ምንም ሕመም አይታይበትም። እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ ይለጠፋል፣ ልጅ ትዳብሰዋለች፣ ሳትታጠብ ዳቦ ትበላለች። ከዚያ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ከሰጣችሁት ከረጢት ያለበትን ለይታችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፣ ደህናውንም ቆራርጣችሁ 40 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ። እስካሁን ጥሬ ሲበላ ከኖረ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ይሰጠው። ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚያገኝ ውሻ በየ6 ሳምንቱ ነው የሚያስፈልገው። ሁሉም የትል ክኒን ይሄን አይገድልም፣ ስሙን አይታችሁ ግዙ።

ሌላው ሽንኩርት ነው። «ሥጋውን አልሰጠሁትም፣ እንጀራውን ብቻ በወጡ አጠቀስኩለት» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሽንኩርት፣ ነጩም ቀዩም፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በደሙ ላይ ለውጥ ለማምጣት ይበቃል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ትንሽ ውሻ ይሄ አንድ መካከለኛ ራስ ማለት ነው። የኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሆንም ይጠራቀማል።

ጋሼ ከጎንደር፦

ዶክተር፣ በአክብሮት ልጠይቅ። እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። አባቴ ቤት አራት ውሻ ነበር፣ ሁሉም አጥንት ግጠው፣ ጥሬ ሳንባ በልተው ነው ያረጁት። ራጅ የለ፣ ክሊኒክ የለ። ውሻ ሲፈጠርም አጥንት ሊበላ አይደል እንዴ? ይሄን ሁሉ ጥንቃቄ ሳየው ለከተማ ውሻ ብቻ የመጣ ነገር ይመስለኛል።

የእንስሳት ሐኪም፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ያረጁትን ነው የምናስታውሰው። «ታሞ ጠፋ» ወይም «ጅብ በላው» ከተባሉት ውስጥ አንጀቱ የተዘጋ ስንት እንደነበር ያየ የለም። ደግሞ የገጠሩ ውሻ ጥሬውን ትኩስ ይግጥ ነበር፣ ቀኑን ሙሉም ይሮጥ ነበር። የሳንባው ነገር ግን ገጠር ውስጥ ይብሳል እንጂ አይሻልም። በጉ የሚግጥበት ሜዳ ላይ ውሻው ይጸዳዳል፣ በጉ እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ይበላል፣ ሲታረድ ሳንባው ለውሻው ይመለሳል። ዑደቱ የሚሰበረው ያን ሳንባ ባለመስጠት ነው። የአባትዎ ውሾች ደህና ቢሆኑም እንኳ፣ የልጅ ልጆችዎን ያስቡልኝ።

ቲጂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ማሂዬ፣ ያ ነጭ ቋጠሮ እዚህ አሜሪካም ሱቁን ሞልቶታል። የከብት ቆዳ የውስጠኛው ሽፋን ነው። በኬሚካል ተነክሮ፣ ጸጉሩ ተለይቶ፣ ነጥቶ፣ ደርቆ ነው እንዲያ የሚሆነው። ውሻው ሲያረጥበው ይለሰልሳል፣ ትልቅ ቁራጭ ገምሶ ሲውጠው ሆድ ውስጥ ያብጣል። የኔዋ ትንሽ ፑድል ነች፣ አንድ ቀን ጉሮሮዋ ላይ ተለጥፎባት ጣቴን ሰድጄ እንደ እርጥብ ጨርቅ ስቤ አወጣሁት። እጄ እስካሁን ያስታውሰዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ አልገባም።

ከዚህ ሻንጣ ሞልተን ለቤተሰብ የምንልከውንም እንጠንቀቅ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በደረቅ ሥጋ ማባበያዎች ምክንያት ታመሙ የተባሉ ውሾችን ሪፖርት ሲሰበስብ ነበር። አብዛኞቹ ምርቶች ከቻይና የገቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 መጨረሻ ከ6,200 በላይ ውሾች እንደታመሙ፣ ከ1,140 በላይ እንደሞቱ ሰዎች አመልክተዋል። በትክክል የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ግን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ደርቀውና ታጥነው፣ በፕላስቲክ ታሽገው ስለሚሸጡ አጥንቶች አስጠንቅቋል። ስለዚህ ማሸጊያው ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። እኔ ለጥርስ ማጽጃ የሚሆን ማኘኪያ ስገዛ የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት ማኅተም ያለበትን እፈልጋለሁ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቪኦኤችሲ ተብሎ ማሸጊያው ላይ ይታተማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የምጽፈውም ለሱ ነው። ስኳር የሌለው ማስቲካና አንዳንድ የለውዝ ቅቤ ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ። ለኛ ምንም አይደለም። የውሻን የደም ስኳር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ቦርሳውን ወለል ላይ ጥሎ ነው የሚተኛው፣ ማስቲካው እዚያ ውስጥ ነው። ዘቢብና ቸኮሌትም እንደዚሁ አደጋ ናቸው። ልጅሽ ከአፏ ቆርሳ እንዳታካፍለው ንገሪያት።

የሩፋኤሏ እመቤት፦

እኔ ለሁለት ውሾቼ የምሠራውን ልንገርሽ፣ ብዙ ወጪ የለውም። ቋንጣ እሠራላቸዋለሁ። በርበሬ የለው፣ ጨው የለው፣ ቅቤ የለው። ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ከሉካንዳ እገዛለሁ፣ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። እንደ ቋንጣ አድርጌ ስስ ዘለላ እተለትለዋለሁ፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ያህል በውሃ ብቻ አፈላዋለሁ (ጥሬውን ከሰቀልኩት ባክቴሪያው አብሮ ይደርቃል እንጂ አይሞትም ብሎ ሐኪማችን ስለመከረኝ)፣ ከዚያ ኦቨን ውስጥ በትንሽ ሙቀት ሦስት አራት ሰዓት። ኦቨን ያልነበረኝ ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ እያገላበጥኩ አደርቀው ነበር። ሲጎነበስ ሳይሰበር ትንሽ የሚለጠጥ ሲሆን ደርሷል። በጣም አድርቀሽ እንደ እንጨት ካደረግሽው ጫፉ ድዳቸውን ይወጋል። በመቀስ በጣት አንጓ ልክ ቆርጬ ፍሪጅ አስቀምጠዋለሁ። ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሁለቱም እግሬ ሥር ቁጭ ብለው ነው የማገኛቸው።

ለማኘክ ደግሞ ካሮት። ትልቁን ካሮት ታጥቦ ፍሪዘር ውስጥ ያድር፣ ጠዋት ትሰጭዋለሽ። ለቡችላ ጥርስ ሲያበቅል ድዱን ያቀዘቅዝለታል። ለቡቺ ግን ጥርሱ እስኪነቀልና ቁስሉ እስኪደርቅ ቆይለት፣ ለጊዜው የተቀቀለ ዱባ ወይም ስኳር ድንች ይሻለዋል። የሚሞላ ላስቲክ መጫወቻ ካገኘሽ ውስጡን በጨው አልባ አይብና በተፈጨ ዱባ ሙይና አቀዝቅዥው። የኔዎቹ ግማሽ ሰዓት ይልሱታል። የገመድ መጫወቻ አልወድም፣ ክሩ እየተመዘዘ ይዋጣል። የሃይላንድ ፕላስቲክም ድምፁን ይወዱታል፣ ክዳኑን ግን ከነቀለበቱ አውጥተሽ ጣይ።

የእንስሳት ሐኪም፦

የእመቤት አሠራር ጥሩ ነው። መጠኑን ብቻ ልጨምር። ማባበያ ከቀን ምግቡ ከመቶ አሥር አይለፍ። 28 ኪሎ የሆነ ውሻ በቀን ወደ 1,300 ካሎሪ ይበቃዋል፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል 70 ገደማ ነው። ሁለት እንቁላል ከበላ የዚያን ቀን ማባበያው አለቀ ማለት ነው። ይሄ በተለይ ከጾም በኋላ ይታሰብበት። 55 ቀን እንጀራና ሽሮ ሲበላ የከረመ ውሻ በፋሲካ ቀን የበግ ጮማ ሲጫንበት ቆሽቱ ይቆጣል። ትውከቱ አያቆምም፣ ሆዱን ሲነኩት ያለቅሳል። ጮማውን ለይታችሁ ጣሉ፣ ቀዩን ሥጋ በትንሽ በትንሹ ስጡት።

ማሂ ከሲኤምሲ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ጥርሱ ተነቀለ። ክሊኒኩ ጥርሱን በፋሻ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ሥሩ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። እማማ እጃቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እኔ ነኝ ያስነቀልኩህ» አሉት። እኔም የእመቤትን አሠራር ነገርኳቸውና ዛሬ ጠዋት ሉካንዳ ሄደው ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ ይዘው መጡ። ሥጋውን የሚተለትሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ማፍላቱን ብቻ ነው የያዝኩት። የትል መድኃኒቱንም ጠየቅሁ፣ እስካሁን ስንሰጠው የነበረው ፕራዚኳንቴል የሌለበት ነበር። አዲሱን ዛሬ ዋጠ። ልጄ ቡቺን ከነካች በኋላ እጇን በሳሙና እንድትታጠብ ቧንቧው ሥር በርጩማ አስቀምጬላታለሁ።

እመቤት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቋንጣው ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?

የሩፋኤሏ እመቤት፦

ከአምስት ቀን አላሳልፈውም። ከዚያ በላይ ከሆነ በየትንሹ ቋጥረሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፣ ስትፈልጊ አንድ ቋጠሮ ታወጫለሽ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፣ ቡቺንም እግዜር ይማረው።